በሽተኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ

ልጆቼ፣ አባቶቻችን «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ሲሉ ሐኪሙን ብቻ ማለታቸው አይደለም፤ ጠያቂውንም ነው። ጎንደራችን ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። እስቲ ሆስፒታሏ ግቡና እዩ። ከጃናሞራ በቃሬዛ የመጣው ገበሬ ዳዊቱን ከትራሱ ሥር ሸጉጦ ተኝቷል። ከጎኑ የመተማው ሙስሊም መቁጠሪያውን ይቆጥራል፤ ከማዶ ፕሮቴስታንት ተማሪ አለ። ሌሊቱ ግን ለሁሉም እኩል ይረዝማል።

እንግዲህ ቄስም ሁን ሼህ፣ ፓስተርም ሁን የእድር ዳኛ፣ እዚያ ስትገባ ረጋ በል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» አትሁን። በሽተኛ ተነሥቶ መውጣት አይችልም፤ ያልፈለገውን ስብከት በደከመ ጉልበቱ ችሎ ይሰማል። ይህ ግፍ ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ይልቅ ቁጭ በልና «ማንን ልጥራልህ?» ብለህ ጠይቀው። ሙስሊሙ ሊሰግድ ካሻ፣ መካ ለእኛ በስተሰሜን ናትና ትራሱን አዙርለት። ይህን ያደረገ ክርስቲያን ከሃይማኖቱ አንዳች አይጎድልበትም።

የራስ አባት ቃል የሚሠራውን ሌላው አይሠራውም። ዓቢይ ጾም ሲገባ «ወተት አልቀምስም፣ ክኒን በጠዋት አልውጥም» የሚል ስንት አለ! ነርሷ ብትለምነው እንቢ ያለው ሰው፣ የንስሐ አባቱ «ልጄ፣ ፈቅጄልሃለሁ፣ ጠጣ» ሲሉት ኩባያውን ያነሣል። በረመዳንም እንዲሁ ነው፤ ሼሁ «ለታመመ ተፈቅዷል፣ ሲሻልህ ትከፍላለህ» ይሉታል። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስዱ መክረዋል። «ጠበል ከያዝህ ክኒኑን ጣል» የሚል ካለ፣ እሱ አባት አይደለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ምስጢሩ ቡና ላይ እንደሚወራ ያወቀ ግን መደበቁ አይቀርም። የሰማኸውን እዚያው ቅበረው።

የሃይማኖት አባቶች አልጋ ዳር መተዋወቃቸው ከሆስፒታሉም አልፎ ይጠቅማል። የሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ሐዘናችን ገና አልደረቀም። በዚህችው ከተማ፣ በአንድ ሼህ ቀብር ላይ በተነሣ ጠብ የሰው ሕይወት ጠፋ። አልጋ ዳር የተዋወቁ ቄስና ሼህ መቃብር ላይ ሲገናኙ የሚነጋገሩት አያጡም ብዬ አምናለሁ።

እናንተም የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ አደራችሁን፤ የቄሱንም የሼሁንም የፓስተሩንም ስልክ በየክፍሉ ነርሶች ዘንድ አስቀምጡልን። ሌሊት ለጨነቀው ሰው ማንን እንደሚጠሩለት ይወቁ።