ከንጣፍ በታች ያለው ሥራ

ሰው የራሱን ቤት በራሱ እጅ ሲጠግን ተቈጣጣሪው ማን ነው? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ስለ ሰው ጠባይ ብዙ የሚያስተምር ነው።

ከአሰላ ደጋ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚወርደው አገር በምትገኘው በኦጎልቾ ከተማ አንድ ባለቤት ያረጀ መታጠቢያ ቤቱን ለማደስ ተነሣ እንበል። ለግንበኛ የሚከፍለው ገንዘብ ባይበቃው፥ ወይም ሙያውን ለመማር ቢወድ፥ መዶሻና መሮ ይዞ የተሰነጠቀውን ንጣፍ ራሱ ያነሣል። በዚህ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። የእጅ ሥራ እንደ ውርደት ይቈጠር በነበረበት ዘመን እንኳ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። እንግዲህ የሥራው ክብር አያጠራጥርም፤ የሚመረመረው የሠሪው ታማኝነት ነው።

የመታጠቢያ ቤት ዋናው ሥራ ከንጣፍ በታች ነው። ወለሉ ወደ ፍሳሽ መውጫው በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ካላዘቀዘቀ ውሃ ይቋጥራል። የቧንቧው መጋጠሚያ በሚገባ ካልጠበቀ እርጥበቱ ቀስ በቀስ ግድግዳውን ይበላል። ሲሚንቶው ለ7 ቀን ያህል ውሃ እየጠጣ ካልሰነበተ ተገቢውን ጥንካሬ አያገኝም። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው ጠማማ ቧንቧም በጕሮሮው ጥቂት ውሃ ይዞ ክፉውን ሽታ ያግዳል፤ ይህ ዘዴ የስኮትላንድ ተወላጁ ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ በ1775 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ከነዚህ አብዛኛው ለዐይን አይታይም፤ የሚታየው የንጣፉ ውበት ብቻ ነው።

ተቀጣሪ ግንበኛ ቢሆን ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ይጠይቀዋል። ባለቤቱ ራሱ ሠሪ ሲሆን ግን ዳኛውም ተከሳሹም አንድ ሰው ይሆናል። ሲደክመው፥ «ማን ያየዋል?» ብሎ በሚያንጠባጥብ ቧንቧ ላይ አዲስ ንጣፍ ለማልበስ ይፈተናል። ሌላውን የሚያታልል ሰው እውነቱን ያውቃታል፤ ራሱን የሚያታልል ሰው ግን እውነቱን ለማወቅ እንኳ አይፈልግም።

«ቤቱ የኔ ነው፤ ቢበላሽም የምጐዳው እኔ ነኝ» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ውሃ አጥር አያውቅም። በ1854 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ በብሮድ መንገድ ሠፈር ከ600 የሚበልጡ ሰዎች በኮሌራ ሞቱ። ሐኪሙ ጆን ስኖው የበሽታው መነሻ የአንድ ጕድጓድ ውሃ መሆኑን አስረዳ፤ በኋላም ሲቈፈር በአጠገቡ ያለው የአንድ ቤት ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ግንቡ አርጅቶ ወደዚያ ውሃ ይሰርግ እንደ ነበር ታወቀ። በአንድ ቤት ሥር ተሰውሮ የኖረው ጕድለት የሠፈር ሁሉ ሐዘን ሆነ። ምድሩ ወደ ሐይቅ በሚያዘቀዝቀው አገርም የላይኛው ቤት ፍሳሽ የታችኛውን ቤት ጕድጓድ ሊያገኝ ይችላል።

ስለዚህ ባለቤቱ ንጣፉን ከማልበሱ በፊት ወለሉን ውሃ ሞልቶ አንድ ቀን ይጠብቅ፤ ቢያንጠባጥብ ያፍርሰው፤ ካቃተው ዐዋቂ ይጥራ። አለማወቅን መግለጽም የታማኝነት ወገን ነውና። ማንም በማይመረምረው መዝገብ ላይ ለሚጽፈው ጸሓፊ፥ ማንም በማይጐበኘው ክፍል ለሚያስተምረው መምህርም ሕጉ ይኸው ነው። ተቈጣጣሪ በሌለበት የተሠራ ሥራ ኅሊና ብቻውን የፈረመበት ሥራ ነው፤ ዋጋውንም ጐረቤት ሁሉ ይካፈለዋል።