የሌሊቱ ተረኛ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው እንበል። አንዲት የካንሰር ታማሚ እንቅልፍ እምቢ ብሏት ጣሪያውን ታያለች። ከአልጋዋ አጠገብ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ፣ የምታስታምማት እህቷ ተኝታለች። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ትቀስቅሳት ወይስ አትቀስቅሳት?

አንዳንዱ ሌሊት ይህን ጥያቄ ጨርሶ አያስነሳም። ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሕመሙ ከታዘዘለት ማስታገሻ በላይ ከሆነ መቀስቀስ ግድ ነው፤ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥም ግድ ነው። ኬሞው ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ ትኩሳት «ይንጋና እናያለን» የሚባል ነገር አይደለም። እኔ የምጠይቀው ስለ ሌላው ሌሊት ነው። ምንም የሚታይ ነገር ስለሌለበት፣ «ምን ሆንሽ?» ብትባል «ምንም» ከማለት ውጪ መልስ ስለማይኖራት ሌሊት። እንቅልፍ የለም፤ በቃ። ያን ጊዜ የሌላ ሰው እንቅልፍ የመውሰድ መብት አላት ወይ?

ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት ይሄ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። ብዙዎቻችን «ሐሳብ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሐሳብ አለበት፣ አልክድም። ውጤት የሚጠብቅ ሰው፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያሰላ ሰው እንዴት ብሎ ይተኛል? ግን የካንሰር ታማሚን የሚያነቃው ሐሳብ ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት አለ። ማቅለሽለሽንና አለርጂን ለመከላከል ከኬሞቴራፒ ጋር ይሰጣል። ስቴሮይድ ስለሆነ እንቅልፍ ይከለክላል። ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፓክሊታክሴል ሊሰጥ ሲል፣ ከ12 እና ከ6 ሰዓት በፊት ዴክሳሜታዞን በክኒን የሚወሰድበት አሠራር አለ። ቀጠሮዋ ጠዋት 3 ሰዓት የሆነ ሴት አንዱን ማታ 3 ሰዓት፣ ሌላውን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትውጣለች ማለት ነው። ያን ሌሊት ባትተኛ ምን ይገርማል?

ሌላም አለ። ታሞክሲፌን የሚወስዱ ሴቶች ሌሊት ድንገት ሙቀት ይለቅባቸዋል፣ በላብ ይጠመቃሉ። በደም ሥር የገባው ፈሳሽ ሽንት ቤት ያመላልሳል። የካንሰር ድካም ደግሞ የተለየ ድካም ነው፤ ተኝተው ቢነሱም አይለቅም። ቀን ሲጥል ያስተኛል፣ ቀን የተተኛው ደግሞ ከሌሊቱ ላይ ይቀነሳል።

ይህ ዝርዝር የሞራል ክብደት አለው። ምክንያቱን «ሐሳብ» ብቻ ካደረግነው፣ መፍትሔው «አታስቢ» ይሆናል። «አታስቢ» ስንላት ደግሞ ሳናውቀው ጥፋቱን እሷ ላይ ጣልን ማለት ነው። ስላሰበች ነው ያልተኛችው፤ እምነቷ ስላነሰ ነው ያሰበችው። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ሕመምና ስለ ዘይቤ በጻፈችው መጽሐፍ የተሟገተችው ይህን ዓይነቱን አስተሳሰብ ነው። ራሷ የጡት ካንሰር ታማሚ ነበረች። ካንሰርን ከሰውዬው ጠባይ፣ አምቆ ከያዘው ስሜት ጋር ማያያዝ ታማሚውን በሕመሙ ላይ ተጠያቂ ያደርገዋል ትላለች። የእሷ ክርክር ስለ በሽታው ነው። እኔ ግን እንቅልፍ ማጣቱም ላይ ይሠራል ባይ ነኝ። በክኒን ምክንያት ያልተኛችን ሴት ስለ እምነት መስበክ ደግነት አይደለም።

አሁን ወደ ፍራሹና ወደ አልጋው እንመለስ።

በአገራችን የካንሰር ውጤት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነገረው ለቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ይመካከርና «እንዳትደነግጥ» ብሎ ይደብቃል፤ ወይም ግማሹን ይነግራል። ስሙ ራሱ አይጠራም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ይባላል። ይህን መደበቅ ብዙ ሰው ጽፎበታል፣ ተከራክሮበታል። ከወዲያ በኩል ስላለው መደበቅ ግን ብዙም አይወራም። ታማሚውም ይደብቃል። የሚደብቀው ደግሞ ሌሊቱን ነው።

እናቴ የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ በነበረችበት ጊዜ እኔ የምተኛው ከክፍሏ በር አጠገብ ሳሎን ውስጥ ነበር። አንድ ጠዋት የመኝታ ቤቷን መብራት ሳላጠፋ መሄዴ ትዝ ብሎኝ፣ «መብራቱ አላስቸገረሽም?» ብላት «አይ፣ እኔ እንደሁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ ነው የማነጋው» አለችኝ፣ እንደ ተራ ወሬ።

«እና ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«ነገ ሥራ አለህ ብዬ ነዋ ልጄ። ደግሞ ቀስቅሼህስ ምን ልታደርገኝ?»

ይህች ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ናት እስከዛሬ የምታከራክረኝ። ምን ልታደርገኝ? እውነት ነው፤ ምንም አላደርግላትም ነበር።

ዝም ማለትን የሚደግፍ ጠንካራ ክርክር አለ፤ በችኮላ አንጣለው። የታመመ ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀባይ ነው። ምግብ ያቀርቡለታል፣ ልብስ ያጥቡለታል፣ ታክሲ ይከፍሉለታል፣ ይጸልዩለታል። መስጠት የለመደች እናት ደግሞ መቀበል እንዴት እንደሚከብዳት እናውቃለን። በዚያ ሁሉ ውስጥ እሷ ልትሰጠው የምትችለው የቀረ ነገር ቢኖር የአንድ ሰው እንቅልፍ ነው። እንዳትቀሰቅሰው ትንፋሿን ቆጥባ ስትገላበጥ እየሰጠች ነው። «ለምን አልቀሰቀስሽኝም» ብለን ስንቆጣ ያቺንም ስጦታ እንቀማታለን።

እንግድነት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር። ስለዚህ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው ለሳምንታት ዘመድ ቤት ተጠግቶ መታከም ነበረበት፤ ዛሬም እንዲህ የሚታከም ብዙ ነው። በሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ያለ ሰው ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ በሩ እንዳይጮህ ይጠነቀቃል። «እስቲ ተነሱና አጫውቱኝ» ማለት እንዴት ይታሰባል?

ቢሆንም ዝምታው ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ሦስት ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ ተቀባዩ ቢያውቅ የማይቀበለው ስጦታ ነው። እህቷ ሥራዋን ትታ መሬት ላይ የተኛችው ለመተኛት አይደለም። እንቅልፏን ከፈለገች ቤቷ አልጋ ነበራት። ስለዚህ የታማሚዋ ደግነት የአስታማሚዋን ደግነት ባዶ ያደርገዋል። ሁለት ሰዎች በፍቅር ይጠባበቃሉ፣ ግን አይገናኙም። አንዳንዴማ ፍራሹ ላይ ያለችውም ነቅታለች፤ የአልጋውን ትንፋሽ እየሰማች፣ የተኛች መስላ።

ሁለተኛ፣ የተደበቀ ሌሊት ሐኪም ጋ አይደርስም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ዴክሳሜታዞኑ ወደ ጠዋት ይዛወር እንደሆነ፣ የሚያነቃው ሕመም ከሆነ የማስታገሻው መጠንና ሰዓት ይስተካከል እንደሆነ ሊወስን የሚችለው ሐኪሙ ነው። ግን ማን ነግሮት? ሲሲሊ ሶንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን የከፈተች ሐኪም ናት። ካስተማረቻቸው ነገሮች አንዱ ማስታገሻ በሰዓቱ መሰጠት አለበት፣ ታማሚው እስኪጮህ መጠበቅ የለበትም የሚል ነው። ሕመምን «ጠቅላላ ሕመም» ብላ ነበር የምትጠራው፦ የአካል፣ የሐሳብ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስ ሕመም አንድ ላይ ተጣምሮ። እነዚህ አራቱ በአንድነት የሚመጡበት ሰዓት ካለ ሌሊት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ምክንያቴ ይሄ ነው፦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ «እኔ ለሰው ሸክም ነኝ ወይስ አይደለሁም» የሚለውን ጥያቄ በትክክል መመዘን የሚችል ሰው የለም። ጤነኛውም ቢሆን በዚያ ሰዓት ዕዳው ይገዝፍበታል፣ ጥፋቱ ይበዛበታል። ታዲያ ውሳኔውን በሙሉ ለደከመው ሰው፣ በደከመበት ሰዓት፣ በጨለማ መተው ፍትሐዊ ነው?

እኔ የምተዳደረው በሶፍትዌር ሥራ ነው። የእኛ ሥራ ሌሊትም ስለማይቆም ተረኛ እንመድባለን። ማታ ሲስተሙ ቢቆም ስልኩ የሚጮኸው ተረኛው ጋ ነው። የዚህ አሠራር ጥበቡ ምን መሰላችሁ? «ይቀስቀስ ወይስ አይቀስቀስ» የሚለውን ቀን ላይ፣ ቡና እየጠጣን እንወስነዋለን። ሌሊት ላይ የሚወሰን ነገር የለም። ተረኛውን ቀሰቀስኩት ብሎ ይቅርታ የሚጠይቅ የለም፤ ተረኛነት ማለት ያ ነዋ። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ተረኛ ስለሆነ እሱ ይተኛል። ሰው ሰርቨር አይደለም፣ ይገባኛል፤ ሰርቨር አያፍርም፣ ይሉኝታም የለውም። ለዚህም ነው ሰው ይህን አሠራር ከማሽን የበለጠ የሚፈልገው። ይሉኝታን የሚያሸንፈው ቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ ነው።

እና መልሴ፦ ትቀስቅሳት። ግን እንድትቀሰቅሳት የሚያደርገው ስምምነት ቀን መደረግ አለበት፣ ጠያቂዋም ታማሚዋ መሆን የለባትም። «ሰኞና ሐሙስ የእኔ ተራ ነው፤ ከነቃሽ ትጠሪኛለሽ» ብሎ መጀመር ያለበት ጤነኛው ነው። በተራው መሆኑም ትልቅ ነገር ነው። አንዲት ሴት ልጅ ብቻዋን ለወራት ሌሊቱን ሁሉ ብትሸከም እሷም ትወድቃለች። በብዙ ቤት ይህ ሸክም ሳይመካከሩ ለሴቷ ልጅ እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቃለን። ወንድምም ተረኛ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ የታመመ በመጠየቅ አንታማም። ቀን ላይ ሃያ ሰው ይመጣል፤ ብርቱካን ይዞ፣ «እግዜር ይማርሽ» እያለ። ቡናው ይፈላል፣ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ግን ሁሉም ይሄዳል። ጥየቃችን በሙሉ የቀን ነው። የታማሚዋ ረጅሙ ሰዓት ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ያውም ከሰዓት በኋላ በጠጣችው ቡና ታግዞ። ከጠያቂዎቹ ሁለቱ ብቻ ቀናቸውን ወደ ሌሊት ቢያዛውሩስ? ውጭ አገር ያለውን ወንድም እዚህ ላይ አስቡት። ገንዘብ ከመላክ ሌላ ምንም የማልጠቅም ነኝ ብሎ ይቆጫል። ግን እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ላይ እንደ ወቅቱ ገና ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። እራቱን እየበላ ነው። ከማንም የተሻለ የሌሊት ተረኛ እሱ ነው፤ ማንም ሳይቀሰቀስ።

ተረኛው ታዲያ ምን ያድርግ? እናቴ እንዳለችው፣ ምን ልታደርገኝ? ጥቂት የሚደረግ ነገር አለ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ከክኒን በፊት የሚመክረው የንግግርና የልማድ ሕክምና ነው። ከእሱ ውስጥ ቤት የሚሞከር ክፍል አለ፦ 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ መነሳት፣ ደብዘዝ ባለ መብራት ረጋ ያለ ነገር ማድረግ፣ ሲያንቀላፋ መመለስ፣ ጠዋት ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት መነሳት። ሐሳቡ አልጋው የመፋጠጫ ቦታ እንዳይሆን ነው። አቅም ያነሳት ሴት ግን ብቻዋን ተነስታ ብትወድቅስ? እዚህ ላይ ተረኛው እጅ ይሰጣል፣ ወንበር ያቀርባል፣ ጋቢ ይደርባል።

ከዚያ የቀረው አብሮ መንቃት ነው። በወንጌል ታሪክ ውስጥ ኢየሱስ በጌቴሴማኒ ጭንቅ በያዘው ሌሊት ወዳጆቹን ጽዋውን እንዲያስቀሩለት አልጠየቃቸውም፤ አብረውት እንዲነቁ ነው የለመናቸው፣ እነሱ ግን ተኙ። ምክር ሳይሰጡ፣ ተስፋ ሳይሰብኩ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ ወይም ስለ ምንም እያወሩ መቀመጥ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ያን ሰዓት የሚያከብደው ግማሹ ነገር ብቻ መሆን ነው፤ ያን ግማሽ ደግሞ ማንም ሰው ያለ ትምህርት፣ ያለ ገንዘብ ሊያነሳው ይችላል።

ቋንቋችን ይህን ድሮ ያወቀው ይመስላል። ጠዋት ስንገናኝ የምንጠይቀው ስለ ቀኑ አይደለም፤ «እንዴት አደርሽ?» ነው የምንለው። ሌሊቱ እንዴት አለፈ ማለት ነው። ችግሩ መልሱን አስቀድመን ማወቃችን ነው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን»። ለጤነኛ ሰው ይበቃል። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ካንሰር የሚታከም ሰው ካለ ግን ነገ ጠዋት ጠይቁና ምስጋናውን ከሰማችሁ በኋላ ቁጭ በሉ። ሁለተኛ ጠይቁ፦ «ስንት ሰዓት ነቃሽ?»