እግርን የሚመራ ቤት

የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ከኮምቦልቻ በሐረጎ ሽቅብ ይዤ ደሴ ሙዚየም ስገባ፣ እነሱ ቅርሱን ሲያዩ እኔ የእነሱን እግር አያለሁ። መጀመሪያው ክፍል ላይ ይጋፋሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይጠይቃሉ። መውጫው በር ሲታያቸው ግን የቀረውን ትተው ወደዚያው ይጎርፋሉ። አርተር ሜልተን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ አብዛኛው የሙዚየም ጎብኚ እንደገባ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ክፍት መውጫ ካየም ክፍሉን ሳይጨርስ ይወጣል።

እንግዲህ ሰው የሚሄደው መንገዱን መርጦ ነው ወይስ ግድግዳው መርጦለት? በአባቴ ወገን ክርስቲያን፣ በእናቴ ወገን ሙስሊም የሆነ የወሎ ቤተሰብ ልጅ ስለሆንኩ፣ ጥያቄው አብሮኝ አድጓል። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አለው። ምእመኑ መቅደሱን አይረግጥም፤ ፊቱን የሚያቀናው ግን ወደዚያው ወደማይደርስበት ነው። መስጊድ ውስጥ ሰው ባገኘው በር ይግባ፣ የሰጋጁ ረድፍ ወደ ቂብላ ነው። ሁለቱም እግርን ይመራሉ። ነፃነቴን ቀማኝ ብሎ የሚከስ ግን አልሰማሁም፤ ሰውየው ኒያውን፣ የልቡን ሐሳብ፣ ይዞ ነው የገባው። ስለዚህ የሚያሳስበኝ ቤት መምራቱ አይደለም፣ ወዴት እንደሚመራ ነው።

የደሴው ሙዚየም የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነበር። በመኳንንት ቤት ሰው እንደ ማዕረጉ ነው የሚገባው፤ ደጅ ጠኚው ደጅ ይቀራል፣ እንግዳው አዳራሽ ይቀመጣል፣ እልፍኝ የሚዘልቀው ባለሟሉ ነው። ዛሬ የገበሬው ልጅ ሁሉንም ክፍል ይረግጣል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም እንዲመልሰው አልፈልግም። ነገር ግን የማይደረስበት ነገር ሲጠፋ የሚጠራም ጠፋ። ያን ጊዜ መውጫው በር ይጠራል።

አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ ያየሁትንም ልንገራችሁ። ከ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። አንዱ ፎቅ የሰውን ዕድሜ ተከትሎ ከልጅነት ወደ ሞት ይወስዳል፤ እንዲህ ያለውን ቅደም ተከተል እወደዋለሁ። መስቀሎቹና ሥዕላቱ ካሉበት ስንደርስ አንዲት እናት መስታወቱ ፊት ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካክለው አጎነበሱ።

«እማማ፣ ትንሽ ይለፉ፤ ከኋላ ሰው አለ» አላቸው አንድ ወጣት።

«ቆይ ልጄ፣ ልሳለም።»

ዞረናቸው አለፍን። ቦታው የተሠራው ለሚያልፍ ሰው ነው፤ ለሚቆም ሰው አልታሰበም። ቅርሱ ለጥናት ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ያ መስቀል ግን የተሠራው በክብር እንዲያዝ ነው፤ ለተመራማሪ ብቻ አመቻችቶ ማስቀመጥ ግማሹን መደበቅ ነው።

የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል። ቅርስ እንደገና ተሰብስቦ ሲደረደር እንዲህ ቢሆን እላለሁ፦ ብራናውና ጥንታዊው ቁርኣን ከመተላለፊያ ይውጡ። አንድ በር ብቻ ያለው፣ መግቢያውም መውጫውም ያው የሆነ የውስጥ ክፍል ይሰጣቸው፤ ወደዚያ የሚገባ አስቦ ይግባ። ግድግዳውን ተደግፎ አግዳሚ ይኑር።

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሙስሊሟ ብራናው ፊት፣ ክርስቲያኑ ቁርኣኑ ፊት ምን ሊያደርጉ ነው?»

በቅሬ፣ በመረዳጃ ማኅበራችን፣ የምናደርገውን አልኳት። ክርስቲያን ጎረቤቱ ሲሞት ሙስሊሙ አስከሬን ተሸክሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይሸኛል። እዚያ ላይ ይቆማል። የቆመው ስለተባረረ አይደለም፤ ቀብሩ እስኪያልቅም ጥሎ አይሄድም።