ስለ መንገደኛ ሸክም

የመንገደኛ ጠባይ ከንግግሩ ይልቅ በጓዙ ይታወቃል። አንዱ ለሦስት ቀን ጉዞ የሦስት ወር ልብስ ያጭቃል፤ ሌላው አንዳች ሳይዝ ይነሣና የደረሰበትን ቤት ሁሉ ያስቸግራል። ታዲያ ለመንገደኛ የሚገባው ሸክም ምን ያህል ነው? ጥያቄው የቦርሳ ጥያቄ ይመስላል፤ እኔ ግን ሰው ከሰው ጋራ እንዴት መኖር እንደሚገባው የሚጠይቅ ሆኖ አገኘዋለሁ።

በጎጃም ደጋ የዚህ ነገር መምህር የቆሎ ተማሪ ነው። ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከደብረ ኤልያስ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ፍለጋ ሲሄድ ጓዙ የታወቀ ነው፤ ደበሎ፣ አኩፋዳና በትር። ደበሎው ቀን ልብስ፣ ሌሊት መኝታ፣ በዝናብም መጠለያ ነው፤ አኩፋዳው የለመነውን ቁራሽ ይይዛል፤ በበትሩ ውሻ ይመክትበታል። ትምህርቱን በቃሉ ስለሚይዘው ክብደት የለውም። በጎጃም አድባራት ቅኔ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ ኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገራቸውን ሲወክሉ ይህ ስንቅ አብሯቸው ነበር።

«ነገር ግን ተማሪው ቀልሎት የሚሄደው ገበሬው ስንቁን ስለ ተሸከመለት አይደለምን?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት አለው። ሆኖም ተማሪው የሚለምነው የዕለቱን ቁራሽ ብቻ ነው፤ ለመምህሩ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ ያወቀውንም ለታናሹ ያስተምራል። የተቀበለውን በሌላ መልክ ይመልሳልና ሸክሙን በሰው ላይ ጣለ አይባልም።

ሸክምን በሰው ላይ መጣል ሌላ ነው። በ1888 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ ዐድዋ በዘመቱበት ዘመን፣ መኳንንቱ በበቅሎ ተቀምጠው እጃቸው ባዶ ሆኖ ይጓዙ ነበር። ከኋላቸው ግን በሶውንና ዱቄቱን አህያው፣ አሽከሩና ብዙ ሴት ተሸክመው ይከተላሉ፤ ሴቶቹም ከሰፈር ሲደርሱ ገና ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ። ስለዚህ ባዶ እጁን የሚሄደውን ሁሉ ቀላል መንገደኛ አትበሉት፤ አስቀድማችሁ ከኋላው ተመልከቱ።

ዛሬ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከደጀን ብርድ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርድና እንደገና ወደ ጎሐ ጽዮን ደጋ ይወጣል። ይህን የሚያስብ ሰው የሁለት አገር ልብስ ሊይዝ ይቃጣዋል። ነገር ግን ስስ ልብስ፣ በላዩ ሹራብ፣ በላዩም ጋቢ ለሁለቱም ይበቃሉ፤ ጋቢው በብርድ ይለበሳል፣ በሙቀት ታጥፎ ትራስ ይሆናል። ደበሎውም ያስተማረን ይህንኑ ነው።

ቦርሳ ስትመርጡ ብዙ የሚይዘውን አትውደዱ፤ ትልቅ ቦርሳ ካልሞላ ደስ አይልምና። ባዶውን የማይከብድ፣ ማንገቻው ሰፊ፣ ስፌቱና ዚፑ ጠንካራ፣ ከመቀመጫ ሥር የሚገባ ይሁን። ብዙ አየር መንገዶች በእጅ እንዲያዝ የሚፈቅዱት ከ7 እስከ 10 ኪሎ ነው፤ በአውቶቡስ ለሚሄድም መልካም ልክ ነው። ከሞላችሁት በኋላ አንግታችሁት ከቤት እስከ መናኸሪያ ሂዱ። በመንገድ ላይ «እስቲ አግዘኝ» የምትሉ ከሆነ፣ ተመልሳችሁ ቀንሱ።

ሦስት ነገር ግን አትቀንሱ፤ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ ለብርድ የሚሆን ልብስ፣ ለሚያሳድራችሁ ሰው የምትሰጡትን ጥቂት ነገር። ያለ መድኃኒት የሄደ ሲታመም አስተናጋጁን ያስጨንቃል፤ ልብስ ያልያዘ የባለቤቱን ጋቢ ይወስድበታል። ይህን የመሰለ ቅለት ንፉግነት ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ ጓዛችሁን ስታስሩ «ይህ ይጠቅመኛልን?» ብላችሁ አታብቁ፤ «ይህንስ የሚሸከመው ማን ነው? ብተወውስ ጉድለቱ በማን ላይ ይወድቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሁለቱም «እኔ» ብሎ የሚመልስ ሰው የጓዙን ልክ አግኝቷል።