የናታን በግ
ወልድያ የምትማረው ልጄ በድራማ ክበባቸው የሐሰት ምስክር ሆና እንድትተውን ተመርጣ፣ «አባዬ፣ ኃጢአት አይሆንብኝም?» አለችኝ።

ልብ ወለድ እውነት ሲናገር ምን እንደሚሆን የአዲስ አበባ መድረክ ገና ከጅምሩ አይቷል። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ«ፋቡላ» አውሬዎችን መድረክ ላይ አናገሩ፤ ሽሙጡ ቤተ መንግሥቱን ነክቶ ታገደ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከፈት የታየው የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ነበር። ዳዊት የኦሪዮንን ሚስት ወስዶ ባሏን ያስገደለበት ታሪክ ነው፤ ለንጉሥ በዓል የንጉሥ በደል!

በእኛ በመርሳ ዳዊትን የማያውቅ የለም። ቄሱ፣ ነቢዩ ናታን ባለጠጋ ስለ ወሰዳት የድሃ አንዲት በግ ለዳዊት የተናገረውን ተረት ያስተምራሉ፤ ሙስሊሙ ጎረቤቴ ደግሞ ዘጠና ዘጠኝ በግ ይዞ የወንድሙን አንዲቷን የጠየቀውን ሰው ታሪክ ከቁርኣን ሱረቱ ሷድ አውግቶኛል።

የናታን በግ በየትኛውም በረት አልነበረችም። ዳዊት ግን ስለ እርሷ በቁጣ ነደደ፤ በባለጠጋው ላይ ሞት ፈረደ። ያን ጊዜ ነቢዩ ሰውየው ራሱ ንጉሡ መሆኑን ነገረው። ፊት ለፊት ቢከሰስ ኖሮ መከላከያ ባላጣ ነበር፤ በሌላ ሰው ታሪክ ግን በራሱ ላይ ፈርዶ ጨርሷል። ውሸት ሊያታልል ይመጣል፤ የናታን ተረት የመጣው የተታለለውን ልብ ሊያነቃ ነው። ለልጄም «ተውኚ፤ ግን ሐሰቱ ሲያቃጥል እንዲታይ አድርገሽ ተውኚ» አልኳት።