ፍቅርና ሳቅ

ሰው ከልቡ ስለሚወደው ሰው እየሳቀ ሊናገር ይችላልን? ብዙዎች ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ፈጥነው «አይችልም» ይላሉ። በእነርሱ አስተያየት እውነተኛ ፍቅር እንባ፥ ናፍቆትና እንቅልፍ ማጣት እንጂ ቀልድ አያውቅም፤ የሚቀልድም ሰው ወይ አላፈቀረም፥ ወይም ፍቅሩን ሊሸሽግ ይፈልጋል።

እኔም አስተማሪ በነበርሁበት ዘመን ከዚሁ ወገን ነበርሁ። አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ የፍቅር ግጥም ሲያነብ ጓደኞቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ግጥሙን መልሼ ሳልመረምር «ቁም ነገር የለበትም» ብዬ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁት። ተማሪው ወረቀቱን አጣጥፎ ከኪሱ ከተተ፤ ከዚያም ወዲህ ግጥም አላቀረበም።

ያን ፍርዴን እንድመረምር ያደረጉኝ እንግሊዛዊቱ ባለቅኔ ወይዘሮ ዌንዲ ኮፕ ናቸው። እኒህ ሴት በ1945 ዓ.ም. ተወልደው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተማሩ፤ በለንደንም ለብዙ ዓመታት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነው ሠሩ። የመጀመሪያው የግጥም መጽሐፋቸው በ1986 ታተመ። አንድ ሐያሲ ጨዋታ አዋቂነታቸው ብርታታቸውም ወሰናቸውም ነው ብሎ ቢጽፍ፥ በ1992 ያወጡትን ሁለተኛ መጽሐፍ «ብርቱ ጉዳዮች» ብለው ሰየሙት፤ በዚሁ ርእስ በጻፉትም ግጥም ለሐያሲው እየቀለዱ መልስ ሰጡት።

በዚህ መጽሐፍ ካሉት ግጥሞች አንዱ ወንዶችን ከአውቶቡስ ጋር ያነጻጽራል። ጠባቂይቱ አንድም ሳይመጣ ብዙ ትቆያለች፤ ሲመጡ ግን ተከታትለው ስለሚመጡ የትኛውን እንደምትይዝ ግራ ይገባታል። ላይ ላዩን ሲታይ ሳቁ በወንዶች ላይ ነው፤ ዳሩ ግን ይበልጡን የሚያርፈው መንገድ ዳር ቆማ በምትጨነቀው ሴት ላይ ነው። ብቸኝነትዋን አልቅሳ ብትነግረን ከሩቅ ሆነን ባዘንንላት ነበር፤ እያሳቀች ስለ ነገረችን ግን አጠገብዋ ሄደን ቆምን።

በ1986ቱ መጽሐፍ ደግሞ ጓደኛ ፈላጊዎች በጋዜጣ የሚያወጡትን ማስታወቂያ የሚመስል ግጥም አለ። አሠራሩ ቪላኔል በሚባለው ጥብቅ ሥርዓት ነው፤ ይኸውም 19 መስመርና ሁለት ዓይነት ቤት መምቻ ብቻ ሲኖረው፥ ከመስመሮቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው አራት ጊዜ ይመላለሳሉ። በመጀመሪያ የማስታወቂያው አነጋገር ያስቃል፤ ጥያቄው በተመላለሰ ቍጥር ግን ሳቁ እየቀነሰ ልመናው እየጎላ ይሄዳል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ፥ ከጨዋታው በታች ቁም ነገር መኖሩን ለመረዳት አይቸገርም።

ከሁሉ ይልቅ የተወደደው ግን በ«ብርቱ ጉዳዮች» ውስጥ ስለ አንድ ብርቱካን የተጻፈው ግጥም ነው፤ በ2023 የታተመውም የተመረጡ ግጥሞቻቸው መጽሐፍ በእርሱ ስም ተሰይሟል። በምሳ ሰዓት የተገዛው ብርቱካን እጅግ ትልቅ በመሆኑ ያስቃል፤ ለሁለት ወዳጆችም ይከፈላል። የቀረው ቀን በተራ ሥራ ያልፋል። ፍቅሩ የሚገለጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ፥ በመጨረሻ፥ በጥቂት ቃል ነው።

እንግዲህ ሳቅ ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። የሚያፌዝ ሰው ሌላውን ዝቅ አድርጎ ራሱን ከፍ ያደርጋል፤ የሚያፈቅር ሰው ሲስቅ ግን በራሱ ይጀምራል። «ቀልድ መሸሸጊያ ነው» ለሚሉትም መልሴ፥ አዎን፥ ይሆናል፤ ነገር ግን እንባም መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ወዳጁን በዙፋን ላይ አስቀምጦ ዘወትር የሚያለቅስ ሰው፥ ብዙ ጊዜ የሚያፈቅረው ራሱ የቀረጸውን ምስል ነው። ምስሉ ጉድለት ሲገኝበት ፍቅሩም ያልቃል። የወዳጁን ጉድለት አይቶ፥ የራሱንም አስቦ፥ ስቆ አብሮ የሚኖር ግን ሰውን እንደ ሰውነቱ ወዶታል።

ስለዚህ በማስተማር ሥራ ላይ ያላችሁ አንባብያን ሆይ፥ ተማሪ የሚያስቅ የፍቅር ግጥም ይዞ ሲመጣ ቀይ ቀለም ከማንሣታችሁ በፊት ሁለተኛ ጊዜ አንብቡት። ያ የእኔ ተማሪ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ክፍሉ ሁሉ ሲስቅ እርሱ ብቻ እንዳልሳቀ ግን አስታውሳለሁ፤ ያን ጊዜ ፊቱን አይቼ ነበር፥ ምን እንደ ነበረ የተረዳሁት ግን በጣም ዘግይቼ ነው።