ከጁሙዓ በፊት ወደ ጓዳ

ወንድሜ፤

የጉንደ ወይን የማለዳ ብርድ አንተን ብርድ ልብስ ውስጥ ሲያቆይህ፣ እናትህ ሱብሒን ሰግዳ ምጣዱን ጥዳለች። ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት «ልጄ፣ ውሃ አቀብለኝ» ስትልህ «ቆይ!» አልካት። ስልክህ ላይ የለጠፍከው «አልሐምዱሊላህ» ግን ብዙ ላይክ አግኝቷል።

አላህ በሱረቱ ሉቅማን 14ኛው አንቀጽ የእናትን የእርግዝና ድካምና ጡት ማጥባት አውስቶ፣ ለእርሱም ለወላጆቻችንም እንድናመሰግን ያዘናል። ሁለቱ ምስጋናዎች ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱን ይዘህ ሌላውን መጣል አትችልም።

ቤቱ ጠቦህ፣ ብር አጥሮ፣ አባትህ ተቆጥቶ ይሆናል። ሰብር የሚለመደውም እዚያው ነው።

ዛሬ ወደ መስጂድ ከመውጣትህ በፊት ጀሪካኑን ሙላላት፤ ዱዓዋንም ይዘህ ውጣ።

አላህ ለወላጆቻችን ዕድሜና ዓፊያ ይስጥልን። ጁሙዓ ሙባረክ!